ደኑን በሕግ ማስጠበቅ፦ ከአቤቱታው ቀን እስከ ችሎት

በኢትዮጵያ የሕዝብ ደን ሲጨፈጨፍ ያየ ሰው አቤት ለማለት የደኑ ባለቤት መሆን አይጠበቅበትም። ከብቱ እዚያ ባይሰማራ፣ ውኃውም ከዚያ ባይቀዳ እንኳ ይችላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ለማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። መልስ ካጣ ወይም በመልሱ ካልረካ ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አዋጁ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቢያልፍም በዚህ በር የገባው ሰው በጣም ጥቂት ነው። በሩ መኖሩን ብዙዎች አያውቁም፤ ከሚያውቁትም ውስጥ ቀን ቆጥሮ የሄደ አይበዛም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአቀስታ፣ በመካነ ሰላም፣ በሳይንትና በወግዲ ለሚኖር አንባቢ ነው። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ገብስ አብቃይ፣ በልግ ጠባቂ አገር ነው፤ ከተራራው የሚፈልቀውም ውኃ ተጠራቅሞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በመካነ ሰላም በኩል ያለው የደንቆሮ ጫካ በ2001 ዓ.ም. ቦረና ሳይንት በሚል ስም የክልል ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በአካባቢው እንደሚነገረው ጫካው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ ኖሯል። ፓርኩ ቢያንስ ስም፣ ወሰንና ጠባቂ አለው። ስጋቱ የሚከፋው ከፓርኩ ውጭ ነው፦ በየቀበሌው ባለው የወል ደን፣ ከምንጭ ራስጌ ባለው አስታና ጓሳ፣ ሕዝብ በዘመቻ እርከን ሠርቶ በከለለው ተፋሰስ ላይ። እነዚህ ቦታዎች በአንድ ደብዳቤ ለድንጋይ ካባ ወይም ለሌላ ሥራ ሲሰጡ፣ ነዋሪው ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚሰማው ማሽኑ ከደረሰ በኋላ ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይለይ። ክስ ማገዶ ተሸክማ ገበያ በምትወርድ እናት ላይ የሚመዘዝ መሣሪያ አይደለም። የእርሷ ጉዳይ በቀበሌ ሸንጎ፣ በሽማግሌና በአበጋር ያልቃል፤ ማለቅ ያለበትም በዚያ ነው። ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው አቅም ያለው ሰው ወይም ድርጅት የጋራውን ሀብት ሲያጠፋ፣ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕግ ሳይከተል አሳልፎ ሲሰጥ ነው። ድሃውን ከሶ ባለ ማሽኑን ያለፈ ሙግት ደኑን አያድንም፤ አካባቢውንም ያቃቅራል።

የአቃቂ ወንዝ ያስተማረው

የኢትዮጵያ ጠበቆች ስለ አካባቢ ክስ ሲነጋገሩ ዘወትር የሚያነሡት አንድ መዝገብ አለ። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ማኅበር፣ በአጭሩ አፓፕ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር 64902 ክስ መሠረተ። ጉዳዩ የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካ ፍሳሽ መበከል ነበር። ተከሳሹ ግን ፋብሪካዎቹ አልነበሩም። ማኅበሩ የከሰሰው የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ብክለቱን የማስቆም ግዴታውን አልተወጣም በሚል። ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። ወንዙ ተበክሏል ወይስ አልተበከለም የሚለው ዋና ጥያቄ ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ።

ብዙዎች ይህን መዝገብ የተስፋ መቁረጫ ምሳሌ አድርገው ያነሡታል። ለአቀስታው ሰው ግን የሚጠቅም ትምህርት አለው። አንድ የአካባቢ ክስ ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት በሁለት ጥያቄዎች ሊወድቅ ይችላል፦ ከሳሹ ማን ነው? ተከሳሹስ ማን ነው? ሙግቱ ስለ ዛፍና ስለ ውኃ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ መዝጋት አለበት። ማኅበራቱም ቢሆኑ ከዚያ ወዲህ ሌላ እንቅፋት ገጥሟቸው ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ አገደ። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ስለተሻረ ዛሬ ማኅበር ስለ ደን እንዳይከስ የሚከለክል እንዲህ ያለ ገደብ የለም።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው ከጋምቤላ ነው። በማጃንግ ዞን በጎደሬ ወረዳ ከ3,000 ሄክታር በላይ ደን ያለበት መሬት ቬርዳንታ ሃርቨስትስ ለተባለ የሕንድ ኩባንያ ለሻይ ልማት ሊሰጥ መሆኑን ነዋሪዎቹ ሰሙ። ጊዜው 2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ተወካዮቻቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጉዳያቸውን ተቀብለው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉላቸው። በአገሪቱ ከዚህ በላይ ከፍ ያለ ደብዳቤ ሊገኝ አይችልም፤ ሆኖም መሬቱ ለኩባንያው ከመሰጠት አልዳነም። ደብዳቤ የቱንም ያህል ከፍ ካለ ቢሮ ቢወጣ ማሽን የሚያቆም ትእዛዝ አይደለም። ትእዛዝ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ለመድረስ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ይፈልጉ

ማሽን ሲገባ ያየ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ከባለ ማሽኑ ጋር መጨቃጨቅ አይደለም። ይልቁንም «ይህን ማን ፈቀደ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በወረዳው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት መሬቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቁ፤ በአማራ ክልል የወል መሬትም ይመዘገባል። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ስለ ቦታው የያዘው ቃለ ጉባኤ ካለ ግልባጩን ያግኙ። ከዚያ ወደ አካባቢና ደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ለሥራው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የብዙ መዝገቦች ቁልፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል። የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ ሰጪውም መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ይህ መሟላቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት በአንቀጽ 15 ደንግጓል። እንግዲህ የቀበሌው ነዋሪ ሳይጠየቅ የወል ደኑ ከተሰጠ፣ ሙግቱ «ደኑ ያሳዝናል» ከሚል ልመና ወጥቶ «ይህ ሥራ በሕግ የታዘዘውን ደረጃ ዘሏል» ወደሚል ጠንካራ ክርክር ይሸጋገራል። ዳኛ ስለ ደን ጥቅም ላይስማማ ይችላል፤ የጎደለ ሰነድን ግን አለ ሊል አይችልም።

ጥያቄው ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተያዘ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ካልሰጠ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። በክልሉ ግጭት ምክንያት ቢሮ ተዘግቶ ከሰነበተ የሄዱበትን ቀን፣ ያገኙትን ሰው የሥራ ኃላፊነትና የተሰጠዎትን መልስ በማስታወሻ ይያዙ፤ አብሮዎት የሄደ ሰውም ይፈርምበት።

ማስረጃው ከምንጩ ይጀምራል

የደን ክስ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው የተቆረጠ ዛፍ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ያስፈልጋል፤ በስልክ ሲነሣ ቀኑና የቦታ መለያው እንዲመዘገብ የስልኩ አቀማመጥ ይስተካከል፤ በየጊዜውም ከአንድ ቦታ ላይ ቆሞ መነሣቱ ለውጡን በግልጽ ያሳያል። በደጋው ግን ከዛፉ ይልቅ ዳኛን የሚያሳምነው ውኃው ነው።

ለምሳሌ ከአንድ ቀበሌ ምንጭ በላይ ያለ ተከልሎ የቆየ ኮረብታ ለድንጋይ ካባ ተሰጠ እንበል። ከካባው በታች ያሉ ሰዎች ምንጩ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ለክተው በደብተር ቢጽፉ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ማንም የማይክደው መዝገብ ይኖራቸዋል። ለኪው አንድ ሰው ብቻ አይሁን፤ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት፣ ከእነርሱም አንዱ የትምህርት ቤት መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ደግሞ ወንዙ የሚያወርደውን ደለልና አዲስ የተከፈተውን ቦረቦር በሜትር ይለኩ። እንዲህ ያለው ልኬት ዋጋ የሚኖረው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ከተጀመረ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምንም ስጋት የሌለበት ቀበሌም ምንጩን መለካት ቢጀምር መልካም ነው።

ከሳተላይት የሚነሡ ምስሎችም በነጻ ይገኛሉ። ላንድሳት ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ምስል ሲያነሣ ቆይቷል። ሴንቲኔል 2 ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ አንዱን ቦታ በየአምስት ቀኑ እያነሣ እስከ 10 ሜትር ዝርዝር ያሳያል። እዚህ ላይ በደጋው የሚኖር ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ግሎባል ፎረስት ዎች የተባለው ታዋቂ የደን መከታተያ ዛፍ ብሎ የሚቆጥረው 5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ስለዚህ አጭሩ አስታ ቢጨፈጨፍ በካርታው ላይ ምንም ያልጠፋ ሊመስል ይችላል። ተከሳሽም ይህንኑ ካርታ ይዞ ሊቀርብ ይችላል። መልሱ የኢትዮጵያ የራሷ የደን ትርጉም ነው፦ አገሪቱ ከደን ጭፍጨፋ የሚመጣውን የካርቦን ልቀት ለመቀነስ ለተዘረጋው የሬድ ፕላስ ፕሮግራም በያዘችው መለኪያ ደን ማለት ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ነው። በዚህ መለኪያ ብዙ የአስታ ጫካ ደን ነው። ጓሳው ግን በየትኛውም ትርጉም ደን አይባልም። እርሱን የሚከላከል ሰው ክሱን በተፋሰስና በውኃ ጥበቃ ላይ ያቁም፤ የአሳታፊ አነስተኛ ተፋሰሶች ልማት፣ አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1223/2012 ለዚህ ይጠቅማል።

የባለሙያ ምስክር የሚፈለግ ከሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ ወሎ ማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዝናብ፣ የጎርፍና የአፈር መሸርሸር ልኬት ሲሰበሰብ ኖሯል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ደሴ ላይ ናቸው።

ከሳሹን መምረጥ

ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናይሮቢ ውስጥ ኡሁሩ በተባለው የሕዝብ መናፈሻ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለማስቆም ከሰሰች። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደረሰባት የግል ጉዳት የለም ብሎ ክሷን ውድቅ አደረገ። በዚሁ አቆጣጠር በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ግን ስለ አካባቢ የሚከስ ሰው የግል ጉዳት ማሳየት እንደማያስፈልገው ደነገገ። በፊሊፒንስም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚሁ አቆጣጠር በ1993 በኦፖሳ ጉዳይ፣ ሕፃናት ለራሳቸውና ገና ላልተወለደ ትውልድ ቆመው በደን ቆረጣ ፈቃድ ላይ መክሰስ እንደሚችሉ ወሰነ። የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ የግል ጉዳት ማሳየት እንደማያስፈልግ የኬንያ ሕገ መንግሥት ከመጽደቁ በፊት ጽፎታል። ይህን መብት ሳንሠራበት መቆየታችን ያስቆጫል።

ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ላይ ብቻ መደገፍ አይበጅም። የተከሳሽ ጠበቃ «ይህ አዋጅ ስለ ብክለት እንጂ ስለ ደን አይደለም» ብሎ መነሣቱ አይቀርም። መልስ አለው፤ አንቀጹ የሚናገረው በአካባቢ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነው፤ አዋጁም አካባቢን ሲተረጉም መሬትን፣ ውኃንና ሕያዋንን ጭምር ይዘረዝራል። ክርክሩ ግን ሊሸነፍ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ በአንቀጽ 33 ከሳሽ በነገሩ ላይ መብት ወይም ጥቅም እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ ከከሳሾቹ መካከል ከምንጩ የሚቀዱ፣ በወል መሬቱ የሚጠቀሙ፣ መስኖው የሚደርቅባቸው ሰዎች በስም ይግቡ። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ክፍት ይሆናል።

ብዙ ሰው ከሆነ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በፍርድ ቤቱ ፈቃድ በጥቂት ተወካዮች እንዲከሱ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ለማኅበርና ለቡድን ፍትሕ የማግኘት መብት ሰጥቷል። በወሎ ሰውን ለማሰባሰብ ከቅሬ የተሻለ ቦታ የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያው ነው። በቅሬው ስብሰባ የተወከሉት ሰዎች ስም፣ የውክልናው ዓላማና የተሳታፊዎች ፊርማ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ቃለ ጉባኤው ብቻውን ግን በፍርድ ቤት ውክልና አይሆንም፤ ሥልጣን ባለው አካል የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል። ተወካዮቹ ከሦስት ባያንሱ ይሻላል። አንዱ ቢታመም፣ ቢሰደድ ወይም ቢያስፈራሩት መዝገቡ አብሮት እንዳይወድቅ ነው።

30 ቀን፣ ከዚያ 60 ቀን

አሁን ቀን ወደ መቁጠሩ እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት አቤቱታው አስቀድሞ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲያስገቡ ለክልሉ ባለሥልጣንም ይላኩ፤ «ሥልጣኑ የኔ አይደለም» የሚል መልስ እንዳይገጥምዎት። አቤቱታው ረጅም አይሁን። ቦታው፣ የሥራው ዓይነት፣ የተጀመረበት ቀን፣ የደረሰው ወይም ሊደርስ የሚችለው ጉዳት፣ የተጣሰው ሕግና የሚጠየቀው ትእዛዝ በሁለት ገጽ ያልቃል። በመጨረሻው ላይ ሥራው ወዲያውኑ እንዲቆም ይጠይቁ። ያላረጋገጡትን ሰው ጉቦ በላ፣ ሰረቀ ብለው አይጻፉ፤ ይህ ለተከሳሽ የስም ማጥፋት ክስ በር ይከፍታል።

መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ወስኖ አቤት ባዩ ካልረካ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለቀበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ይመሠረታል። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ኅዳር 1 ያስገቡት አቤቱታ መልስ ካላገኘ 30 ቀኑ ታኅሣሥ 1 ይሞላል፤ ለክሱ ያለው ጊዜም የካቲት 1 ያበቃል። መሥሪያ ቤቱ ኅዳር 20 «አልተቀበልነውም» ብሎ ከጻፈ ግን 60 ቀኑ ከዚያ ይጀምራል፤ ጥር 20 ላይ ያልቃል። መካከል ላይ ጳጉሜን ካለችም ትቆጠራለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባለሥልጣን ጠርቶ «ነገሩን እያየነው ነው፣ ትንሽ ታገሡ» ቢል በትሕትና ያመስግኑት፤ ቀን መቁጠሩን ግን አያቁሙ። ተስፋ እየሰጡ ቀኑን ማሳለፍ መዝገብን ያለ ክርክር ይገድላል።

30 ቀን ለማሽን ብዙ ነው፤ አንድ ኮረብታ ሊራቆትበት ይችላል። እስከዚያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ያለ ተጽዕኖ ግምገማ ሥራ መጀመር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 521 የሚያስቀጣ ነው፤ የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010ም የራሱ ቅጣቶች አሉት። ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ የሚደረገው ጥቆማ የ30 ቀኑን ጥበቃ አይፈልግም። የወል መሬቱ ተጠቃሚዎችም መብታችን ተነካ ብለው በራሳቸው ስም በቀጥታ መክሰስ ይችላሉ።

ተከሳሹና ዳኝነቱ

ከአቃቂው መዝገብ የተገኘው ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል። በተከሳሽነት ሥራውን የሚሠራው ሰው ወይም ድርጅት በመጀመሪያ ይቀመጥ፤ ቀጥሎ መሬቱን የሰጠው ወይም ፈቃዱን የፈረመው መሥሪያ ቤት ይከተል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ብቻውን አይከሰስ። ፈቃዱ የተሰጠው በፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይለያል፦ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ የሚጠየቅበትን ሥርዓት ዘርግቷል፤ ይህን አዋጅ በወረዳ ወይም በዞን መሥሪያ ቤት ላይ መጥቀስ ግን ስሕተት ነው። ስለ መሬት የሚቀርብ ክስ መሬቱ ባለበት አካባቢ ይታያል። በወረዳው ፍርድ ቤት ወይስ ደሴ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚለውን ግን ከመክፈትዎ በፊት ከሬጅስትራር ወይም ከጠበቃ ያረጋግጡ።

ክሱ ሲጻፍ በጣም የሚዘነጋው ክፍል «የሚጠየቀው ዳኝነት» ነው። «ፍርድ ቤቱ ደኑን ያድንልን» የሚል ጥያቄ ለአፈጻጸም አይመችም። ሥራው እንዲቆም፣ ያለ ግምገማ የተሰጠው ፈቃድ እንዲሰረዝ፣ የተጎዳው ቦታ በተከሳሹ ወጪ እንዲያገግም፣ እያንዳንዱም በስንት ቀን ውስጥ በማን እንደሚፈጸም ተለይቶ ይጠየቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን፣ በአንቀጽ 92 ሕዝብ የሚነኩትን እቅዶች በተመለከተ የመመከር መብቱን አስቀምጧል። እነዚህ ይጠቀሱ፤ ብቻቸውን ግን አይተዉ። የወረዳ ዳኛ ሰፊ ከሆነ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ይልቅ ግልጽ የአዋጅ ቃል ይቀልለዋል።

ከክሱ ጋር በዚያው ቀን የእግድ ማመልከቻ ይግባ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ክርክር የተነሣበት ንብረት ሊጠፋ ወይም ሊበላሽ የሚችል ሲሆን ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፍ፤ የምንጩ ልኬትና ፎቶው ይያያዝ። ፍርድ ቤቱ ዋስትና ሊጠይቅ ይችላልና በቅሬው አስቀድመው ተመካከሩበት። እግድ የሌለበት የደን ክስ ባይሸነፍ እንኳ ፍርዱ የሚደርሰው ጉቶ ላይ ነው። ከሰነዶቹ መካከል በተከሳሽ ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ያሉት በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርቡም ይጠይቁ፤ አንቀጽ 145 ለዚህ ይረዳል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አይፍሩ። የዳኝነት ክፍያ የሚከብደው ካሣ በብር ሲጠየቅ ነው፤ ሥራው ይቁም የሚል ክስ በብር አይተመንም። ለመክፈል አቅም የሌለው ሰውም ይህንኑ አስረድቶ በነጻ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማእከላት አሏቸው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል።

ከፍርድ በኋላ

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጎዳቫርማን ጉዳይ በታኅሣሥ 1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታላቅ ትእዛዝ ሰጠ። ደን ማለት በማንም ስም ቢመዘገብ ደን ነው፤ ያለ ማእከላዊው መንግሥት ፈቃድ ለሌላ ሥራ አይውልም አለ። ከትእዛዙ ይበልጥ የሚደነቀው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። መዝገቡን ሳይዘጋ ለዓመታት ሪፖርት እያስቀረበ አፈጻጸሙን ተከታተለ። የእኛ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ልማድ የላቸውም። ከሳሹ ግን ፍርድ ከማግኘቱ በፊት መጠየቅ ይችላል፤ ተከሳሹ በየሦስት ወሩ ቦታው ያለበትን ሁኔታ ለፍርድ ቤቱ እንዲያሳውቅ ትእዛዝ ይሰጥልኝ ብሎ ዳኝነት ያክልበት።

ቢሸነፉ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ይባላል። ከዚያም በላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚባል ከሆነ የሰበር ችሎት አለ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በሕግ ትርጉም ላይ የሚሰጠው ውሳኔ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የብክለት አዋጁ አንቀጽ 11 ደንን ያጠቃልላል የሚል አንድ የሰበር ውሳኔ ቢገኝ፣ ከአቀስታ የተነሣ አንድ መዝገብ ለሐረና፣ ለሸካና ለማጃንግ ደኖችም ይተርፋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት አዋጆች ሊሻሻሉ ይችላሉና ክስ ከመጻፍዎ በፊት የፌዴራሉን በነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉን በዝክረ ሕግ ያመሳክሩ። በክልሉ የመሬት ጉዳይ በተለይ አዋጅ ቁጥር 252/2009ንና ከእርሱ በኋላ የወጣ ካለ ይመልከቱ።

በደሴ፣ በአቀስታና በመካነ ሰላም የምትሠሩ ጠበቆች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራንም፦ በወረዳ ፍርድ ቤት የተዘጉ የደንና የወል መሬት መዝገቦችን ሰብስቡ፤ ቁጥራቸውን፣ የተሸነፉበትን ምክንያትና የተሰጠውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ አስቀምጡ። ገበሬው አቤቱታውን ለማስገባት ፈቃደኛ ነው፤ የጎደለው ከእርሱ በፊት የሄደው ሰው የት ላይ እንደተሰናከለ የሚነግረው ነው።